ቬኒስ ያለው ካርታ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ «ካርታ» ካላችሁ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት የቦታ ይዞታ ማረጋገጫው ነው። «ካርታ አለው?» ማለት «ቤቱ ሕጋዊ ነው ወይ?» ማለት ነው። ካርታ ያለው ሰው ከባንክ ይበደራል፣ ይሸጣል፣ ለልጆቹ ያወርሳል። የሌለው ደግሞ የወረዳ ሰው በር ባንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። እኛ ሰፈር ወረቀት ላይ የሰፈረ መሬት ቀልድ አይደለም።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሌላ ካርታ ነው። ይሄኛው የባለይዞታ ስም የለውም፣ የአዋሳኝ ስም የለውም፣ የካሬ ሜትር ቁጥርም የለውም። ዕድሜው 565 ዓመት ገደማ ነው። ያለው ጣሊያን አገር፣ ቬኒስ ከተማ፣ ማርቺያና በሚባለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የሠራው ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ ነው። ዓባይ እዚያ ላይ አለ፣ ተከዜ አለ፣ አዋሽም አለ። በረራ የምትባል ከተማም አለች። የዚህችን ከተማ ስም ፌስቡክ ላይ በክርክር መሃል ያልሰማ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ።

የእኛ የአቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ግድብ ደርሶ ከዚያ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ፣ በጂኦግራፊ ክፍል እንደተማርነው፣ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ሐይቅ ሆኖ ይቀራል። ውሃው እንዲህ አገሩ ውስጥ ሲቀር ስሙ ግን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ባሕር ተሻግሮ ቬኒስ ደርሷል። ማን ወሰደው? እንዴትስ ሄደ? (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቬኒስን ብዙዎቻችን የምናውቃት በፎቶ ነው፦ በጎንዶላ፣ በድልድይ፣ ውሃ ላይ በቆሙ ቤቶች። ቲያትር የሚወድ ሰው ደግሞ በኦቴሎ ያውቃታል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው የዚህ የሼክስፒር ድራማ ባለታሪክ ቬኒስን የሚያገለግል ጥቁር የጦር አዛዥ ነው። ኦቴሎ የፈጠራ ሰው ነው። ሼክስፒር ኦቴሎን ከመጻፉ 200 ዓመት ገደማ በፊት ግን የእውነተኛ ኢትዮጵያዊ ንጉሥ መልእክት ቬኒስ ገብቶ ነበር።

በ1402 አንቶኒዮ ባርቶሊ የሚባል የፍሎረንስ ሰው ነብሮች አስከትሎ ቬኒስ ደረሰ። የመጣው በራሱ ጉዳይ አልነበረም፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አባት የዐፄ ዳዊት መልእክተኛ ሆኖ ነው። ንጉሡ የዚያን አገር ቋንቋና ወግ የሚያውቅ ፈረንጅ መርጠው መላካቸው ራሱ ብልጠት ነው። የቬኒስ መንግሥት ጉዳዩን በምክር ቤቱ ተመልክቶ መልእክተኛውን ከእጅ ጥበብ ባለሙያዎችና ከስጦታ ጋር ሸኘው።

የኢትዮጵያ ነገሥታት አውሮፓን የሚፈልጉት ለጦር መሣሪያ ነው የሚለው ትርክት ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። ቬሬና ክሬብስ የምትባል የታሪክ ምሁር ግን በ2021 ባሳተመችው መጽሐፍ የዚያን ዘመን ሰነዶች አገላብጣ ሌላ ነገር አሳይታለች። ነገሥታቱ በዋናነት ይጠይቁ የነበረው ንዋያተ ቅድሳት፣ የቅዱሳን ዐፅምና ቤተ ክርስቲያን አንጸው የሚያስጌጡ ባለሙያዎችን ነው። ቤተ ክርስቲያን ማሠራት የንጉሥነት ማሳያ ነበር፤ ከሩቅ አገር የመጣ ዕቃ ደግሞ የንጉሡ እጅ የት ድረስ እንደሚዘረጋ ለሕዝቡ ይናገራል። በሌላ አነጋገር ዕርዳታ ፈላጊ ሆነው ሳይሆን ገበያ እንደወጣ ባለጸጋ ነው የሄዱት።

ከመልእክተኞቹ ሌላ በራሳቸው እግር የሄዱም ነበሩ፦ መነኮሳት። ኢየሩሳሌም ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የኢትዮጵያውያን ማኅበር አለ። ከአገር ቤት በግብፅ በኩል ኢየሩሳሌም የደረሰ መነኩሴ የጴጥሮስንና የጳውሎስን መቃብር ለመሳለም ሮም መሄድ ከፈለገ ባሕሩን ሊሻገር ግድ ነው። የዚያ ባሕር ትልቋ መርከበኛ ቬኒስ ነበረች። የእስክንድርያን ቅመም የምትጭነው እሷ፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደውን ምዕመን ያፋ ወደብ ድረስ የምታመላልሰው እሷ። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተነሡ የእኛ መነኮሳት ፍሎረንስ በተካሄደው የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተገኝተዋል። ከ1480 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ የኢትዮጵያ መንገደኞች የሚያርፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነበራቸው።

አስቡት እስቲ። ቪዛ የለም፣ ጎግል ማፕ የለም፣ የበረሃውና የባሕሩ መንገድ ወራት ይበላል። ከላስታ ወይም ከሸዋ የተነሣ ሰው፣ በቅሎና ታንኳ እንጂ ሌላ መጓጓዣ አይቶ የማያውቅ፣ መንገዱ ሁሉ ውሃ የሆነ ከተማ ውስጥ ይወርዳል። በዘመናችን ቋንቋ ጎብኚ ነው። ልዩነቱ ዛሬ ጎብኚ ከተማዋን ያያል፤ ያኔ ግን ከተማዋም ጎብኚውን ታየው ነበር። አልፋም ትጠይቀው ነበር።

ፍራ ማውሮ ከጠያቂዎቹ አንዱ ነው። የሚኖረው ከቬኒስ ወደ ሙራኖ በሚወስደው ውሃ ላይ ባለች ሳን ሚኬሌ በምትባል ደሴት፣ በገዳም ነበር። ደሴቷ ዛሬ የከተማዋ መካነ መቃብር ናት። ካርታውን በ1450ዎቹ ነው የሠራው። ለፖርቱጋል ንጉሥ የሠራው ቅጂ በ1459 ተልኮ ጠፍቷል፤ የቀረው የቬኒሱ ነው። ካርታው ላይ ስለ ኢትዮጵያ ከጻፋቸው ማብራሪያዎች አንዱ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ መረጃውን ያገኘው እዚያው ከተወለዱ የሃይማኖት ሰዎች ነው፤ አውራጃዎቹን፣ ከተሞቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን ከነስማቸው በገዛ እጃቸው ስለውለታል፤ ሁሉንም በሥርዓቱ ለማስገባት ግን ቦታ አልበቃውም።

በገዛ እጃቸው! እኔ ይቺን ሳነብ ነው ከወንበሬ የተነሣሁት። ዓለም የሚያውቀው «የፍራ ማውሮ ካርታ» ነው፤ የኢትዮጵያው ክፍል ግን የእኛ ሰዎች እጅ ሥራ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ሰው ትንሽ ኮድ ቢያዋጣ እንኳን ስሙና ቀኑ ተመዝግቦ ይቀራል። እነዚህ ሰዎች የአንድን አገር ወንዝና ተራራ በሙሉ አዋጥተው ከስማቸው አንዲት ፊደል ካርታው ላይ የለችም።

ባለፈው ዓመት በሥራ ጉዳይ ሚላን ሄጄ አንድ ነጻ ቀን ሳገኝ የት እንደምሄድ ማሰብ አላስፈለገኝም። ከሚላን ቬኒስ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ባቡሩ መጨረሻ ላይ ውሃ መሃል በተዘረጋ ረጅም ድልድይ አልፎ ሳንታ ሉቺያ ጣቢያ ያወርዳችኋል። ከበሩ ስትወጡ አስፋልት የለም፤ ፊት ለፊታችሁ ትልቁ ቦይ ነው። ታክሲው ጀልባ፣ አምቡላንሱ ጀልባ፣ ቆሻሻ የሚያነሣውም ጀልባ። የሕዝብ ማመላለሻዋን ቫፖሬቶ ይሏታል፤ ጠዋት ስትጨናነቅ የቃሊቲ መናኸሪያን ታስታውሳችኋለች። ከ400 በላይ ድልድይ ያላት ከተማ ነች። በአሮጌው ክፍሏ የሚኖረው ሰው ግን ከ50,000 በታች ወርዷል፣ ቤቱ ሁሉ የእንግዳ ማረፊያ ሆነ። ከ2024 ጀምሮ ጎብኚው በተጨናነቀባቸው የተመረጡ ቀናት ለቀን ብቻ የሚመጣ ሰው ከ5 ዩሮ ጀምሮ መግቢያ ይከፍላል። በአንድ ወቅት ከሩቅ የመጣን ሰው አስቀምጣ የምትጠይቅ ከተማ ዛሬ የመጣውን መቁጠር ብቻ ነው የቀራት።

ቤተ መጻሕፍቱ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ነው፤ ኮረር በሚባለው ሙዚየም በኩል ይገባል። ካርታው ክብ ነው፣ ወርዱም ቁመቱም ከ2 ሜትር ይበልጣል። ብራና ላይ ተሠርቶ እንጨት ላይ ተለጥፏል። ወደ 3,000 የሚጠጉ ጽሑፎች አሉበት። ደቡብ ከላይ ነው የተደረገው፤ ስለዚህ አውሮፓ ታች ወርዳ አፍሪካ ላይ ተቀምጣለች። ለለመደ ዓይን ዓለም የተገለበጠች ትመስላለች። አንገቴን ቀና አድርጌ የምፈልገውን አገኘሁና ፎቶ አንስቼ ለአባቴ በቴሌግራም ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

«ይሄ ምንድን ነው የላክኸው?»

«ካርታ ነው አባዬ። የድሮ ነው። አዋሽ አለበት።»

«የማን ካርታ?»

«የአንድ መነኩሴ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ። መሬቱ የማን ነው ይላል?»

«የማንም አይልም። ስም ብቻ ነው ያለው።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሳቀ።

አባቴ ዕድሜውን በፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ካርታ ለማውጣት ስንት ቢሮ እንደሚያስኬድ ያውቃል። ጥያቄው ግን የቀልድ ብቻ አይደለም። አሁን አሁን ስለዚህ ካርታ የሚነሣው ክርክር በሙሉ እሱ የጠየቀው ጥያቄ ነው፦ መሬቱ የማን ነው ይላል?

መጀመሪያ ካርታው ምን መናገር እንደሚችል እንይ። ፍራ ማውሮ የገጠመው ችግር ከዳታ ጋር ለሚሠራ ሰው አዲስ አይደለም። ከኢትዮጵያውያኑ ያገኘው መረጃ ብዙና ዝርዝር ነው፤ ስለ ሌላው የአፍሪካ ክፍል ያለው ግን ጥቂት። ስለዚህ የእኛው መረጃ ተለጥጦ የአህጉሩን ሰፊ ክፍል ሸፈነ። ትንሽ ፎቶ ትልቅ ስክሪን ላይ ስትለጥጡት እንደሚሆነው ማለት ነው። በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክታችሁ ወደ ኪሎ ሜትር ብትቀይሩት የምታገኙት ቁጥር ቅዠት ነው። የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉ ነው፦ ከዚህ ቀጥሎ ይሄ፣ ከወንዙ በዚህ በኩል ያ። መንገድ የሚያውቅ ሰው አፍ እንጂ የቀያሽ መሣሪያ አይደለም።

በረራም እዚያ ላይ ያለችው በዚህ ዓይነት ነው። ስሟ በግልጽ ተጽፏል፣ የንጉሡ ዋና መቀመጫ እንደሆነችም ተገልጿል። ተመራማሪዎች በዙሪያዋ ካሉት ስሞች ተነሥተው በዝቋላና በመናገሻ ተራሮች መካከል ያስቀምጧታል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትቪግ ብሬተርኒትስ በ2009 ባወጡት ጥናት ከወጨጫ እስከ የረር ያለውን አካባቢ አሥሰው የድሮ ሰፈራ ምልክቶችን መዝግበዋል። እንጦጦ ላይ የተገኘውን የድንጋይ ቅጥር ፍርስራሽ በረራ ነው የሚሉም አሉ። ጠዋት ሰማይ ሲጠራ ከእኛ ሰፈር ሆናችሁ የረርን በምሥራቅ፣ ዝቋላን በደቡብ ታያላችሁ። ፍለጋው የሚካሄደው እኛ ቆመን በምናየው ሜዳና ተራራ ውስጥ ነው።

ግን አንድ ነገር አትርሱ። በዚያ ዘመን የንጉሥ መቀመጫ በአንድ ቦታ የሚጸና ነገር አልነበረም። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ «ከተተ፣ ከተመ» ከሚለው የጦር ሰፈር ቋንቋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ንጉሡ ድንኳኑን የተከለበት ይከትማል። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየው ቤተ መንግሥት በድንኳን የሚንቀሳቀስ ነበር። በ1529 የተፋፋመው የኢማም አሕመድ ጦርነት ደግሞ በዚህ አካባቢ የነበረውን ሥርዓት ገለባበጠው። ስለዚህ «በረራ በትክክል የት ነበረች?» የሚለው ጥያቄ የጂፒኤስ ቁጥር ላይጠብቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አንደኛው ወገን ካርታውን አንሥቶ «ይኸው ማስረጃው፣ አዲስ አበባ የእኛ ናት» ይላል። ሌላኛው «ካርታው የፈረንጅ ፈጠራ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም ግን ካርታውን የሚያነቡት አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ ይዞታ ማረጋገጫ። አንዱ ደብተሩን ሲያውለበልብ ሌላው ፎርጅድ ነው ይላል።

ካርታው ፎርጅድ አይደለም፤ የይዞታ ማረጋገጫም አይደለም። መነኮሳቱ የተጠየቁት ስለ መንገዱ፣ ስለ ወንዙና ስለ ንጉሡ መቀመጫ ነው። በዚያ ሜዳ ማን ያርስ እንደነበር፣ ከብቱን ማን ያጠጣ እንደነበር፣ እናት ልጇን በምን ቋንቋ ታባብል እንደነበር የጠየቃቸው የለም። ያልተጠየቀ ነገር ዳታው ውስጥ አይገኝም። ባዶ ቦታውን ደግሞ እኛ በምንፈልገው መልስ መሙላት አንችልም፤ ወይም እንችላለን፣ ግን ያኔ የምናነበው የራሳችንን ጽሑፍ ነው።

ይሄ ለኔ የወሬ ጉዳይ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ምን ዓይነት ውዝግብ እንደተነሣ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም። በአንድ በኩል ለዓመታት ከደመወዙ ቆጥቦ ስሙ የወጣለት ሰው አለ። በሌላ በኩል አያቱ ያረሱትን መሬት የለቀቀ ገበሬ አለ። ሁለቱም ዛሬ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ መልሳቸውም በዛሬ ሕግና በዛሬ ኅሊና መፈለግ አለበት። በ1450ዎቹ ቬኒስ ላይ የተሣለ ነጥብ ለገበሬው ካሣ አይከፍልም፣ ለቆጣቢውም ቁልፍ አይሰጥም።

ታዲያ ምን ያደርጋል? አባቴ እንዳለው። እኔ የማየው ጥቅም ሌላ ነው፤ ካርታው የአንድ ጨዋታ ቅጂ ነው። እንግዳ መጣ፣ ባለቤቱ «አገርህ ምን ይመስላል?» አለው፣ እንግዳው እርሳስ ተቀብሎ ሣለለት። ጨዋታው እዚያም አላበቃም። ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከ1519 እስከ 1524 ባለው ጊዜ፣ አሌሳንድሮ ዞርዚ የሚባል ሌላ የቬኒስ ሰው ከኢትዮጵያ የመጡ መነኮሳትን እየጠየቀ መንገዳቸውን በየማረፊያውና በቀን ቁጥር መዝግቧል። ማስታወሻውን ክሮፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1958 አሳትሞታል። እዚያ ውስጥም በረራ ትጠቀሳለች። ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት በፊት መሆኑ ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት በተቃጠሉበት በዚያ ዘመን ዋዜማ፣ እነዚያ መነኮሳት ሳያውቁት የአገራቸውን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀመጡ። ባክአፕ ማለት ይሄ ነው።

መንገዱ የአንድ ወገንም አልነበረም። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ኢትዮጵያ ገብቶ መርቆሬዎስ ተብሎ 40 ዓመት ያህል ኖሯል። አልቫሬዝ ሲመጣ እዚሁ አግኝቶታል። የእኛ መነኮሳት ቬኒስ ላይ ወንዝ ሲሥሉ የቬኒሱ ሰው ጎጃም ድረስ ሄዶ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይሥል ነበር። ልዩነቱ የእሱን ስም እናውቃለን።

ይሄ የስም ነገር ነው ከጉዞው በኋላ አልለቅ ያለኝ። እኛ ሰፈር ያሉ የቦታ ስሞች በፍጥነት እየተተኩ ነው። ድሮ ጅረት ስም ነበረው፣ ማሳ ስም ነበረው፣ የከብት ማጠጫው ስም ነበረው። አሁን ብሎክ 12፣ ሳይት 3 ነው። ቱሉ ዲምቱ ስትሉ ታክሲ ረዳቱ ያወርዳችኋል፤ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት እንደሆነ ግን ስንቱ ተሳፋሪ ያውቃል? አዋሽ ራሱ በአማርኛ አዋሽ፣ በኦሮምኛ ሐዋስ ነው፤ ፍራ ማውሮ ደግሞ ከሰማው ድምፅ «አዋሲ» ብሎ ጽፎታል። ሦስቱም አንድ ውሃ ናቸው፤ አንዱን ለመጻፍ ሌላውን መሰረዝ አላስፈለገም።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሥራ ጀምሬያለሁ። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል ማንም ሰው ሊያርመው የሚችል የዓለም ካርታ አለ። አባቴንና ከቤታችን ጀርባ የሚኖሩ፣ ልጅነታቸውን እዚሁ ከብት ሲጠብቁ ያሳለፉ አንዲት እናትን እየጠየቅሁ የጅረቱንና የሜዳውን የድሮ ስሞች አስገባለሁ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ እነሱ እንደሚሉት። እማማ መጀመሪያ ላይ «ለመንግሥት ነው እንዴ የምትጽፈው?» ብለው ተጠራጥረውኝ ነበር። አሁን ስሄድ ቡናው ተፈልቶ ይጠብቀኛል፣ ያስታወሱትንም ጨምረው ይነግሩኛል።

የቬኒሱን ካርታ ለማየት ቬኒስ መሄድ የግድ አይደለም፤ ፍሎረንስ ያለው ሙዜዮ ጋሊሌዮ በከፍተኛ ጥራት ኦንላይን አስቀምጦታል። ስታገኙት ከላይ በኩል አጉሉትና ወንዞቹን ተከተሉ። እኔ የምሞላው ካርታ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ስም «ምንጭ» የሚል ሳጥን አለ። ፍራ ማውሮ ቦታ አልበቃኝም ብሎ ነበር። እኔ ጋ ቦታ ሞልቷል፤ እማማን አስፈቅጄ ስማቸውን እዚያ ጽፌያለሁ።